ሦስት ዕዳ የተገመደበት ክር

በሂንዱ ሃይማኖት ከግራ ትከሻ ተነሥቶ ደረትን አቋርጦ በቀኝ ብብት ሥር የሚወርደው ነጭ የጥጥ ክር በሳንስክሪት «ያጅኖፓቪታ»፣ በሂንዲ «ጃኔኡ»፣ በታሚል ደግሞ «ፑኑል» ይባላል። ልጁ ይህን ክር የሚለብሰው «ኡፓናያና» በተሰኘው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያው ዕለት በመምህር ፊት ቀርቦ የቬዳ ቅዱሳት መጻሕፍትን ትምህርት ይጀምራል፤ በሪግ ቬዳ የሚገኘውንና ሳቪትር ለሚባለው የፀሐይ አምላክ የሚቀርበውን የጋያትሪ ጸሎትም ይቀበላል። ይህ ቀን በዕውቀት እንደ መወለድ ስለሚቆጠር ክሩን የለበሰ ሰው «ድቪጃ»፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የተወለደ ተብሎ ይጠራል።

ክሩ ሦስት ዘርፍ አለው፤ እያንዳንዱም ዘርፍ በተለምዶ ከሦስት ቀጫጭን ፈትሎች ተገምዶ ጫፎቹ በአንድ ቋጠሮ ይያያዛሉ። ሦስቱን ዘርፎች አንዳንዶች የሦስቱ አማልክት የብራህማ፣ የቪሽኑና የሺቫ ምሳሌ ያደርጓቸዋል፤ ሌሎች የሐሳብ፣ የቃልና የተግባር ንጽሕና ይሏቸዋል። እነዚህ ትርጓሜዎች የተከበሩ ቢሆኑም ከክሩ ጋር የሚያገናኛቸው በአመዛኙ የቁጥሩ መግጠም ነው። ከሁሉ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ዘርፎቹን ከሦስት ዕዳዎች ጋር የሚያያይዘው ትርጓሜ ነው፤ ታይቲሪያ ሳምሂታ የተባለው የቬዳ መጽሐፍ ብራህሚን፣ ማለትም የካህናት መደብ ሰው፣ ሲወለድ ጀምሮ ባለዕዳ እንደሆነ፣ የጥንት ጠቢባንን ዕዳ በመማር፣ የአማልክትን መሥዋዕት በማቅረብ፣ የአባቶችን ደግሞ ልጅ በመውለድ እንደሚከፍል ያስተምራልና።

ይህ ትርጓሜ በክሩ አለባበስ ውስጥም ይታያል። ለባሹ ለአማልክት በሚያገለግልበት ጊዜ ክሩ በግራ ትከሻው ላይ ይሆናል፤ ለሞቱ አባቶቹ ውኃና ምግብ ሲያቀርብ ወደ ቀኝ ትከሻው ያዛውረዋል፤ ለጠቢባን ውኃ ሲያፈስ ደግሞ ከአንገቱ ወደ ደረቱ እንዲንጠለጠል ያደርገዋል። ስለዚህ ክሩ ሰውየው በዚያች ሰዓት የማንን ዕዳ እየከፈለ እንደሆነ በአካሉ ላይ ያመለክታል። በጥንቱ ዘመን በዚህ አኳኋን ይለበስ የነበረው መደረቢያ ልብስ ወይም የአጋዘን ቆዳ እንደነበር፣ ክሩም በኋላ የእነዚያን ቦታ እንደተካ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። ዓለምን ትቶ የሚመንን ሰው በብዙ የምናኔ ሥርዓቶች ክሩን አውልቆ የሚጥለውም የመሥዋዕቱንና የቤተሰቡን ግዴታ ከኋላው ስለሚተው ነው።

ይሁን እንጂ ክሩ የመለያያ ድንበርም ሆኖ ኖሯል። የጥንት የሂንዱ ሕግ ጸሐፊዎች ለብራህሚን ጥጥ፣ ለክሻትሪያ ተዋጊ የቃጫ ዓይነት ፈትል፣ ለቫይሽያ ነጋዴና ገበሬ ሱፍ ሲመድቡ፣ አራተኛውን የሹድራ መደብና ከመደቦቹ ውጭ የሚቆጠሩትን ፈጽሞ አግልለዋል፤ ሴቶችም ከጊዜ በኋላ በአብዛኛው ተከልክለዋል። ይህ መገለል የትምህርትን በር በብዙኃኑ ላይ የዘጋ ከባድ በደል ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ሕንድ በካርናታካ የተነሣው የሃይማኖት ተሐድሶ መሪ ባሳቫ ክሩን እንደተወ ይነገራል፤ በሲኮች ትውፊትም የሃይማኖታቸው መሥራች ጉሩ ናናክ ገና በልጅነቱ አልለብስም ማለቱ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1875 በዳያናንዳ ሳራስዋቲ የተመሠረተው የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር አርያ ሳማጅ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ክሩን ሳይጥል፣ ቬዳን መማር የሁሉም መብት ነው በሚል መሠረት፣ ቀድሞ ለተከለከሉ መደቦችና ለሴቶች ልጆችም ማልበስ ጀመረ።