ለቤት ኮምፕዩተር ሞኒተርና ግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥ

ኮምፕዩተር በመሥሪያ ቤት ብቻ የሚታይ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ በየቤቱ መግባት ከጀመረ ሰንብቷል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩት ዘመዶቼና ጓደኞቼ መካከል እንኳ በቤታቸው አንድ አሮጌ ኮምፕዩተር ያላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ሰው ሞኒተሩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ለመለወጥ ባሰበ ጊዜ ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ፣ ሻጩ የነገረውን አምኖ ይገዛል፤ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ይጸጸታል። ይህ ነገር በእኛም ቤት ስለ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና የሞከርሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች መግለጽ ጠቃሚ መስሎ ታየኝ።

ታላቅ ወንድሜ የሚተዳደረው የቤት ፕላን በመንደፍ ነው። ሥራውንም የሚሠራው ሰበታ በሚገኘው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንበኞቹ ስሪዲ የሚባለውን፣ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ አስመስሎ የሚያሳየውን ሥዕል መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ እቁብ በደረሰው ጊዜ አንድ ጓደኛው እጅግ ያሞገሰለትን አርኤክስ 580 የተባለ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ካርዱ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ይሁን እንጂ የእኛ ኮምፕዩተር ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው ከሚመጡት ከትንንሾቹ አንዱ ነው፤ ክዳኑን ከፍተን ካርዱን ለመግጠም ስንሞክር በቁመቱም በውፍረቱም አልገባ አለ። ቢገባ እንኳ ስምንት ቀዳዳ ያለው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል፤ በእኛ ኮምፕዩተር ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ ፈጽሞ የለም። ሻጩም «የኔ ወንድም፣ ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም» አለው። ስለዚህ የእቁቡ ገንዘብ አራት ወር ሙሉ በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ተቀመጠ። እማዬ ቤት በጠረገች ቁጥር ካርቶኑን እያነሣች «ይኼ ነገር መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?» ትል ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን በኋላ መጣ። ወንድሜ የሚጠቀምበት ሞኒተር ደብዛዛ የሆነ አሮጌ 17 ኢንች ነበር። ቡራዩ ላይ ቤት የሚያሠሩ አንድ ሰው የቦታቸውን ልክ በእጅ ጽፈው በፎቶግራፍ ልከውለት ኖሮ፣ 3.60 የሚለውን 3.80 አድርጎ አነበበው። ስሕተቱ የታወቀው ግንበኛው የአንዱን ክፍል ግድግዳ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የማፍረሻውንም ወንድሜ ከኪሱ ከፈለ። ጥፋቱ የሞኒተሩ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሰውየውን ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ቢሆንም ካርድ ከመግዛት በፊት ሞኒተር መግዛት ይገባ እንደነበር የተረዳነው በዚያ ቀን ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ዓይን የሚያየው ሞኒተር ይመረጣል፤ ቀጥሎ ሞኒተሩንና ሥራውን የሚችል ካርድ ይፈለጋል፤ ካርዱም ኮምፕዩተሩ ሊሰጠው ከሚችለው የኤሌክትሪክ ኃይል እንዳይበልጥ ይታያል።

የሞኒተር መጠን የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በኢንች ሲሆን፣ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለዚህ ልክ ብቻ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ የሚሠራው ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ስለ ሆነ፣ ነጥቦቹ ምን ያህል ተቀራርበው ተደርድረዋል የሚለው ጥያቄ ከኢንቹ አያንስም። ፉል ኤችዲ የሚባለው ሞኒተር በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው፤ ይህም ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። እነዚሁ ነጥቦች በ24 ኢንች ሞኒተር ላይ ሲደረደሩ በአንድ ኢንች ርዝመት 92 ያህል ይገኛሉ፤ በ27 ኢንች ላይ ሲበተኑ ግን 82 ያህል ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ፉል ኤችዲ የሆነው ትልቁ ሞኒተር ፊደሉን ያሰፋዋል እንጂ አያጠራውም። 27 ኢንች የሚፈልግ ሰው 2560 በ1440 ነጥብ ያለውን ቢመርጥ በአንድ ኢንች ወደ 109 ነጥብ ያገኛል።

ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ እኛን የአማርኛ ጸሐፊዎችን ይነካናል። «ሉ»ና «ሊ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት በአንዱ ከመካከል፣ በሌላው ከታች በመሆኗ ብቻ ነው። የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ነጥቡ ሲሳሳ ዓይኑ ይደክመው ይሆናል እንጂ ቃሉን አይስትም፤ እኛ ግን ጭረቷ ከደበዘዘች ቃሉ ራሱ ይለወጥብናል። ስለዚህ ሞኒተር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሻጩ የሚያሳየውን የባሕርና የአበባ ፊልም ትቶ፣ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ በትንሽ ፊደል አስከፍቶ ቢያነብ ይሻለዋል። እኔ እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ ሻጩ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ከሦስቱ ሞኒተሮች ሁለቱን የጣልሁት በዚሁ ፈተና ነው።

ስለ ቀለም ደግሞ ጥቂት ልናገር። ቡራዩ ያለ አንድ ጓደኛዬ የሠርግ ፊልም በቤቱ ያቀናብራል። በቀድሞው ሞኒተሩ ሲሠራ የሙሽራይቱ ቀሚስ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ነጭ፣ ዝቅ ሲል ግራጫ ሆኖ ይታየው ነበር። ምክንያቱም ሞኒተሩ ቲኤን በሚባለው አሠራር የተሠራ ስለ ነበር ነው። ይህ ዓይነት ዋጋው ረከስ ይላል፤ ነገር ግን ከጎን ወይም ከታች ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩን አጥቁሮ ያሳያል። አይፒኤስ የሚባለው ግን ከየትም በኩል ቢያዩት ቀለሙን የማይለውጥ በመሆኑ፣ ለፎቶግራፍና ለፊልም ሥራ የሚመረጠው እርሱ ነው። በአንድ ሴኮንድ ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚለካው በሄርዝ ሲሆን፣ ለጽሑፍና ለፕላን 60 ሄርዝ ይበቃል፤ 144 ሄርዝ የሚያስፈልገው ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ነው።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ገመዱን ነው። አይቢኤም በ1979 ዓ.ም. ያወጣው ቪጂኤ፣ 15 እሾህ ያለው ሰማያዊ ገመድ፣ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። ይህ ገመድ ሥዕሉን የሚያስተላልፈው እየጨመረና እየቀነሰ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለ ሆነ፣ ፊደሉን ያደበዝዘዋል። ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ግን በቁጥር ስለሚያስተላልፉ ነጥቡ በነበረበት ይደርሳል። አዳዲሶቹ ካርዶች የቪጂኤ ቀዳዳ የላቸውም፤ አሮጌ ሞኒተር ያለው ሰው ሞገዱን የሚለውጥ መሣሪያ ጨምሮ መግዛት ይኖርበታል። ደግሞም ከኮምፕዩተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ተራ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ በተቃራኒው ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ግን በተራ ገመድ አይሠራም። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ገመድ በከንቱ ገዝተናል።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለ ናረ፣ አብዛኛው ሰው ፊቱን ያዞረው ወደ ተጠቀሙበት ዕቃ ነው። ዕቃው የሚገኘው ደግሞ መርካቶና መገናኛ ነው። ከሰበታ የሚነሣ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ የሚነሣ በአስኮ፣ ከሱሉልታ የሚነሣ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ ይገባል፤ ዕቃው ቢበላሽበትም ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ መፈተን ይገባል። ገጹን ተራ በተራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ቢያደርጉት የሞተው ነጥብ ራሱን ያጋልጣል። ጥቁር በሆነ ጊዜ ክፍሉን ቢያጨልሙት ደግሞ ከጠርዙ የሚያፈስ ብርሃን ካለ ይታያል። ብዙዎቹ ያለ እግር ይሸጣሉ፤ ይህ ግን ሊያስፈራ አይገባም። በጀርባቸው በ100 ሚሊሜትር ወይም በ75 ሚሊሜትር ርቀት አራት የብሎን ቀዳዳ ስላላቸው፣ የሰፈር ብየዳ ቤት ልኩን ይዘውለት ቢሄዱ መቆሚያ ይሠራል። በታክሲ ሲጭኑት ቀጥ አድርጎ ጉልበት ላይ መያዝ ነው እንጂ አጋድሞ ሌላ ዕቃ መደረብ ገጹን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። የግራፊክስ ካርድ ሥራ እያንዳንዱ ነጥብ ምን ቀለም እንደሚይዝ ማስላትና ለሞኒተሩ መላክ ነው። ፉል ኤችዲ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ124 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ይላካል። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ሞኒተር አራት እጥፍ ነጥብ ስላለው ሥራውም በዚያው ልክ ይበዛል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራትና ተራ ፕላን ለመንደፍ የተለየ ካርድ ፈጽሞ አያስፈልግም! በብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው የግራፊክስ ክፍል ሁለት ሞኒተር ያለ ችግር ያሠራል። ሻጮች የሚያሞግሱት የካርዱን ጊጋ ባይት ነው፤ የአንድ ፉል ኤችዲ ገጽ ሥዕል ግን 8 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ይይዛል። ትልቁን ማኅደር የሚበላው በጨዋታ፣ በፊልም ማቀናበርና ሉሚዮንን በመሰለ የስሪዲ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ዛፉ፣ ድንጋዩና ጥላው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሌለው ሰው የካርዱን ገንዘብ ለሞኒተር ቢያውለው ይጠቀማል።

ካርድ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ዋቱን ያስላ። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ ስድስቱ ገመድ 75፣ ባለ ስምንቱ 150 ዋት ይጨምራል። የእኛ ኮምፕዩተር የኃይል ሣጥን 240 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ነው። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይበላል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 250 ዋት ሆነ፤ ገና ሌላው ሳይቆጠር! ጂቲኤክስ 1650 ግን 75 ዋት ሲሆን፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውና ለትንሽ ኮምፕዩተር በአጭሩ የተሠራው ዓይነትም አለ። የኃይል ሣጥኑ ዋት በጎኑ ላይ ስለ ተጻፈ፣ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማንበብ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከተጠቀሙበት ካርዶች መካከል ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲያመርቱ የከረሙ ናቸው፤ ኢቴሪየም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርድ መመረቱ ስለ ቀረ በዓለም ገበያ ተራግፈዋል። ማራገቢያቸው ሲንኳኳ የሚሰማ ከሆነ መተው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በአሮጌ ካርድ ላይ የአዲስ ካርድ ስም ጭነው የሚሸጡ አታላዮች መኖራቸው ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ቢያስከፍቱት እንዲህ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል።

የመብራቱን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው ቢባልም በእኛ ሰፈር ከፍና ዝቅ ማለቱን አምፖሉ ራሱ ይመሰክራል፤ ይልቁንም ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ይበረታል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። 24 ኢንች ሞኒተር ከ20 እስከ 30 ዋት ብቻ ስለሚበላ፣ ሁለት ሞኒተርና ትንሽ ኮምፕዩተር በአንድ ዩፒኤስ ሊያዙ ይችላሉ። ነገር ግን 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ 390 ዋት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ጥቅሙም ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ ለማምሸት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ከተማችን ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ናት። ማየት ለተሳነው ተማሪ ገጹን በድምፅ የሚያነብ ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ስላለ፣ እርሱ ኮምፕዩተር ሲገዛ ሞኒተርም ግራፊክስ ካርድም ትቶ ገንዘቡን በጥሩ ማዳመጫ ላይ ቢያውል ትክክል ነው።

በእኛ ቤት በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ወንድሜ ሁለት የተጠቀሙባቸው 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተሮች ገዛ፤ አንዱ ያለ እግር ስለ ነበር መቆሚያውን ዓለም ገና ያለ ብየዳ ቤት ሠራለት። በአንዱ ፕላኑን፣ በሌላው ደንበኛው የላከለትን ፎቶግራፍ ከፍቶ እያስተያየ ይሠራል። አልጋ ሥር የነበረውን ካርድ ሱሉልታ ያለው የአክስቴ ልጅ 500 ዋት የኃይል ሣጥን ያለው ትልቅ ኮምፕዩተር ስለ ነበረው በሦስት ጊዜ ክፍያ ወሰደው። የመጀመሪያው ክፍያ ለአጭሩ ጂቲኤክስ 1650 ቀብድ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ ከእንጦጦ በኩል ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ካርዱን ከነሶኬቱ ነቅሎ ይቀመጣል፤ ሦስተኛውን ክፍያ ግን እስከ ዛሬ አልላከም።