ምንቸቶች ጋን ሲሆኑ

ጎጃም ያለችውን ጉንደ ወይንን በስሟ ብቻ የሚያውቅ ሰው የወይን ጠጅ አገር ትመስለዋለች። «ጉንድ» በግእዝ ግንድ ነውና ስሟ የወይን ግንድ ማለት ነው። እኔ ግን እዚያ ሳድግ የወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ቤት አላየሁም። በወረዳዋ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ገበሬ ጓዳ ጥጉን ይዞ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ የሚጠብቃችሁ ጋን ነው፤ ውስጡም ጠላ።

ጋን ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ታቹ ሞላላ ሸክላ ነው። ብቻውን ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ማቶት ይሠራለታል፤ ማቶት ከሌለ ደግሞ ተረቱ እንደሚለው በጠጠር ይደገፋል። የጠላው አሠራርም ያው ነው፦ ጌሾው ከብቅልና ከቂጣ ጋር ይጠነሰሳል፣ አሻሮው ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፣ ውሃ ይሞላና ይደፈናል። ከዚህ በላይ የሚሻ እናቱን ይጠይቅ።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ዕቃው ነው። ጠላ የተበላሸበት ቤት ሄዳችሁ ምክንያቱን ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ነው። ጌሾው ከርሞ ነበር፣ ብቅሉ በደንብ አልበቀለም፣ ጠማቂዋ እጇ አይጥምም፣ ወይም ሰው አይቶባታል። «ጋኑስ እንዴት ሰነበተ?» የሚል ግን አላጋጠመኝም። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ቢራን የሚያበላሹት ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን መሆናቸውን ካስረዳ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ መጽሐፉ የወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዛሬም ቡዳ እንፈልጋለን። የሚያሳፍረው ደግሞ ቡዳ እየተባሉ ከሰው ተለይተው የኖሩት ጋኑን የሠሩልን ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸው ነው። ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ጭቃውን እየደራረቡ ሰው የሚያህል ዕቃ የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው። በእነሱ ጋን ጠጥተን፣ ሳናጥበው ቀርተን ጠላው ሲከፋ ጥፋቱን መልሰን ለእነሱ እንሰጣለን።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጋን ማጠን። ከተሜ ጓደኞቼን ጋን ለምን በወይራ እንደሚታጠን ብጠይቃቸው ሁሉም «ለሽታው» ይሉኛል። ሽታውማ ትርፍ ነው! ለሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ግማሽ ቀን አትለፋበትም ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ አገር ሁሉ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ እላታለሁ። ጋን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ አድጌያለሁ። ግራዋ ቅጠል በእፍኟ ትጨብጥና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታስገባለች። ከዚያ ግድግዳውን ከአንገቱ ጀምራ እስከ ታች ትፈትገዋለች። ውሃው ጠቁሮ፣ የአሮጌ አተላ ሽታ ይዞ ይወጣል። ትደፋዋለች፣ ሌላ ውሃ ትጨምራለች፣ አዲስ ቅጠል ትይዛለች። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «እትዬ፣ መቼ ነው የሚበቃው?» አልኋት። «የወጣውን ውሃ ለመጠጣት ካልተጠየፍህ፣ ያን ጊዜ በቃው» አለችኝ።

ታጥቦ ሲያበቃ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ደህና ጋን ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ ተደፍቶ ይንጠፈጠፋል። ሲደርቅ ገል ላይ ፍም ታደርጋለች፤ በፍሙ ላይ የወይራ ስንጥር ትጨምርና ጋኑን በአፉ ትደፋበታለች። ጢሱ ሆዱን ይሞላዋል። መዳፏን በውጭ በኩል አስጠግታ ሙቀቱ እስኪሰማት ትጠብቃለች። ሲሰማት ታነሣውና ጢሱ ሳያመልጥ አፉን ትከድነዋለች።

ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ዕቃ ነው። ያለፈው ጠላ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ ጠላውን ያፈላው እርሾም ያኮመጠጠው ባክቴሪያም እዚያው ይቀራሉ። ሙቀቱ ቀዳዳዎቹን ያደርቃል። በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል፣ ፎርማልዲሃይድና አሲዶች ደግሞ ከላይ የቀሩትን ተሕዋስያን ያዳክማሉ። ሥጋን በጢስ የሚያቆዩ ሕዝቦች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው፤ የወተት ቅላችንንም የምናጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳሙና ግን ወደ ጋን አይቅረብ። ሸክላው ይጠጣዋል፤ የጠጣውን ደግሞ ለጠላው ያካፍላል።

እዚህ ላይ ልቆጣ። ጢስ የሚሠራው በንጹሕ ዕቃ ላይ ነው። ቆሻሻው ግድግዳው ላይ ተጋግሮ እያለ ማጠን ሳይታጠቡ ሽቶ እንደመቀባት ነው። ዛሬ ብዙ ጠማቂ የኮመጠጠ ጋን ይዞ የወይራውን መጠን ይጨምራል። ጠላው ጢስ ጢስ ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይኮመጥጣል፤ ያን ጊዜ የሚወቀሰው ጌሾው ነው።

ኮምጣጣነቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ልስልስ ያለው፣ የእርጎን ዓይነት ጉምዛዜ የሚያመጡት ላክቶባሲለስ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ አየር አያሻቸውም፤ በልክ ሲሆኑ የጠላ ጣዕም አካል ናቸው። አፍንጫ የሚሰረስረውን ሆምጣጤ የሚያመጡት ግን ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ያለ አየር አይሠሩም። ስለዚህ ጠላችሁ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ካለ አየር ከየት እንደገባ ፈልጉ። ክዳኑ አልተመረገም፣ ወይም ጋኑ ለበዓል ተከፍቶ እየተቀዳ ሳምንት ቆይቷል። የተከፈተ ጋን ቶሎ ይጠጣ፤ የማያልቅ ከሆነ የቀረው በትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ ይከደን። ትንሽ ዕቃን የማመሰግነው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚለው ተረት ለሰው የተተረተ ነው፤ ዘንድሮ ግን ለዕቃም ይሆናል። በጋን ቦታ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ገብቷል። አይሰበርም፣ ይቀልላል፣ መኪና ላይ ይጫናል፤ ይህን አልክድም። ግን ስትፈትጉት ይጫጫራል፤ በጭረቱ ውስጥ የተደበቀውን ግራዋም አያወጣውም። ልጠን ብትሉ ደግሞ ይቀልጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ትንሽነቱ ነው። የዕቃን ወርድና ቁመት በግማሽ ብትቀንሱ የሚይዘው በስምንት እጥፍ ያንሳል፤ ገላው ግን የሚያንሰው በአራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር ጠላ ውጭውን የሚነካው ገላ እጥፍ ይሆናል። በጎጃም ደጋ ቀን ፀሐይ ይከርራል፣ ሌሊት ብርድ ይወርዳል። ትልቅ ጋን ይህን ውጣ ውረድ ሳይሰማው ያልፈዋል፤ የሸክላው ላብም በቀን እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። ጀሪካን ግን ከፀሐዩ ጋር ይሞቃል፣ ከሌሊቱ ጋር ይበርዳል። እርሾው ቀን ይጋልባል፣ ሌሊት ይተኛል።

ጀሪካን ትንፋሽም የለውም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስገባ ጠላ አማረኝና በጀሪካን ጠምቄ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁት። ድፍድፍ በሚፈላበት ጊዜ ጋዝ እንደሚወጣው ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ማስተዋል ግን ከእውቀት ጋር አብሮ አይመጣም። በሁለተኛው ሌሊት ክዳኑ ተስፈነጠረ። ኮርኒሱ ላይ የቀረው ቡኒ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለ፤ ከታች ያለችው ጎረቤቴም እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። በጋን ላይ የሚመረገው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጋዙ በዚያ ስንጥቅ ይወጣል፤ እየወጣ እስካለ ድረስም አየር ወደ ውስጥ አያስገባም። ጭቃው እንደዚያ የሚሆነው በድህነት አይደለም፤ ሥራው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ከውጭ አገር ሲመለስ ሠላሳ ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ ሾጣጣ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት መጥመቂያ ይዞ መጣ። በውጭ አገር ቤታቸው ውስጥ ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። በቢራ ፋብሪካዎች ላሉት ትልልቆች ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፦ አተላው በሾጣጣው ተንሸራቶ ታች ይከማቻል፣ በቧንቧው ይወገዳል፣ ጥሩው ከላይ ይቀራል። በፋብሪካ ይሠራል። በትንሹ ግን አተላው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ቧንቧው ሲከፈት መሀሉ ብቻ ይቦረቦርና ንጹሑ ጠላ ቀድሞ ይፈስሳል።

እትዬ ለሕክምና አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ጓደኛዬ ቤቱ ጋበዛት። በብረቱ የጠመቀውን ጠላ ቀዳላት። ቀመሰችና ጣሳውን ዝም ብላ አስቀመጠችው። ተነሥታም ዕቃውን ዞረችው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ከጋን ይሻላል» አላት። «መፈተግ የለ፣ ማጠን የለ፤ ውሃ ለቀቅ አድርገው ቧንቧውን መክፈት ብቻ ነው።»

«ቧንቧውን ፍታልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ፈትቶት አያውቅም ነበር። መፍቻ ፈለገ፣ ታገለ፣ ተፈታ። ከቧንቧው ጉሮሮ ያለፈው ወር ድፍድፍ ጠቁሮ፣ ተጋግሮ ወጣ። እትዬ በትንሿ ጣቷ ጠረግ አድርጋ አሸተተችውና ጣቷን ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት።

«ጋን ቢሆን እጄ ይደርስበት ነበር» አለችው።