ስም ሲጠራ፣ ብዙ ድምፅ ሲመልስ

ባለፈው ዓመት የአያቴ የለቅሶ ድንኳን ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ተተክሎ ነበር። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ከተበተነ ዓመታት ቢያልፉም፣ የዕድሯ ሰዎች ከጀሞም ከገላንም ታክሲ ተሳፍረው መጡ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከመቀመጫቸው ተነሡና አያቴን በስሟ ጠሯት። ሙያዋን፣ ደግነቷን፣ እንግዳ ስትቀበል የነበራትን ወግ እየጠቀሱ በግጥም አለቀሱላት። የቀሩት በአንድ ድምፅ ተቀበሏቸው። የሰባት ዓመቷ ልጄ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ሁሉም አብረው የሚያለቅሱት ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ያን ዕለት የምመልስላት አጣሁ። እርስዎም ከልጅዎ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞዎት ከሆነ ያገኘሁትን ላካፍልዎት። መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ለታላላቅ አደጋዎች መታሰቢያ ከተደረሱ የመዘምራን ሥራዎች ውስጥ ነው።

በ1994 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት ኒው ዮርክ ውስጥ መንትዮቹ ሕንፃዎች ተመትተው ፈረሱ። በዓመቱ፣ መስከረም 9 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ የከተማዋ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አቀናባሪው ጆን አዳምስ ለሟቾቹ መታሰቢያ የደረሰውን ሥራ አቀረበ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነፍሳት ፍልሰት» እንደ ማለት ነው። ሥራው ሲጀምር የሚሰማው የከተማ መንገድ ድምፅ ነው። ከዚያ የሟቾች ስም አንድ በአንድ ይነበባል። አዋቂዎችና ልጆች ከሚዘምሯቸው ቃላት ብዙዎቹ፣ ቤተሰቦች የጠፉባቸውን ሰዎች ሲፈልጉ በየግድግዳው ከለጠፏቸው ወረቀቶች የተወሰዱ ናቸው። ሥራው በዚያው ዓመት የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል።

ልብ ብለው ካዩት፣ እኚያ እናት ድንኳኑ ውስጥ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ቀጥሎ የሰውየው ሕይወት በጥቂት ቃል ይነገራል፣ ከዚያ ብዙ ድምፅ ይቀበላል።

ሌላው ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የኮቨንትሪን ካቴድራል አወደሙት። አዲሱ ካቴድራል ከፍርስራሹ ጎን ተሠርቶ በግንቦት 1962 ሲመረቅ የቤንጃሚን ብሪተን «ዋር ሪኩዊም» ቀረበ። ብሪተን በላቲን የሚዜመውን የሙታን ጸሎት፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከተገደለው ወታደር ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር አዋሐደ። ለብቻቸው እንዲዘምሩ ያሰባቸው ሦስት ድምፃውያን እንግሊዛዊ፣ ጀርመናዊና ሩሲያዊት ነበሩ። የሶቪየት መንግሥት ሩሲያዊቷን ስለከለከላት በመጀመሪያው ዝግጅት ሌላ ድምፃዊት ተተካች። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር፤ ሐዘን ወገን አይለይም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንሁ ቁጥር ትኩረት እንደሚስብ አውቃለሁ። ቁጥር ብቻውን ግን አያስለቅስም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሰው ተጨፈጨፈ። በኢትዮጵያ መንግሥት ቆጠራ የሞቱት 30 ሺህ ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከ6 ደቂቃ በኋላ ተከስክሶ የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። ልጆቻችን እነዚህን ቁጥሮች ለፈተና ሊያጠኗቸው ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ በስሙ የሚጠራ ሰው እንደነበረ የሚሰማቸው ግን ስሙን በአፋቸው ሲጠሩት ነው።

የአያቴ ዕድርተኞች በየዓመቱ እያነሱ ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለን ለቅሶውንም ዝቅ በሚል ድምፅ ማድረግ ጀምረናል። እነሱ ሲያልፉ ግጥሙን ማን ያወጣል? ማንስ ይቀበላል? የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንና የትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ልጆች ድምፁ አላቸው፤ የሚጠሩትን ስም መስጠት የእኛ ፋንታ ነው። በመጪው የካቲት 12 ከቤተሰብዎ ወይም ከሰፈርዎ ያለፈ አንድ ሰው ይምረጡ። ስሙንና አንድ ያደረገውን ነገር ለልጆችዎ ይንገሩ። አንዱ ያውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። ዜማው የተዋጣለት ባይሆንም ግድ የለም።

ለልጄም በመጨረሻ መልስ አገኘሁላት። መዘምራን ረጅም ዜማ ሲይዙ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይተነፍሱም። አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው ዜማውን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ለሚሰማው ሰው ድምፁ አይቋረጥም። ለቅሶ ላይም የአንዷ ድምፅ በእንባ ሲታፈን የጎረቤቷ ይቀጥላል።

«አብረው የሚያለቅሱት አንዱ ሲደክመው ሌላው እንዲይዝለት ነው» አልኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «እኔም ልያዝላቸው?» አለችኝ።