ባሕር ላይ የሚያርፈው ሄሊኮፕተር፤ የ«ኤች ኤች 52 ኤ» የ26 ዓመት አገልግሎት

ዕቃውን በመርከብ የሚያስመጣና የሚልክ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ጕዞ ብዙ ሰነድ በእጁ ይገኛል። የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ የኢንሹራንሱ ውልና የባንኩ ደብዳቤ ዕቃው የት እንደ ተጫነ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነና ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል ይናገራሉ። ዕቃውን ይዘው ማዕበሉን የሚያቋርጡት መርከበኞች አደጋ ቢያገኛቸው ማን እንደሚደርስላቸው ግን በእነዚህ ሰነዶች ላይ ተጽፎ አይገኝም። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል በባሕር የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የባሕር በር ለሌለው አገር ነጋዴም ሩቅ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከ1963 እስከ 1989 የተገለገለበት «ኤች ኤች 52 ኤ» የተባለው ሄሊኮፕተር ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጉምሩክ የተወለደ አገልግሎት

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መጀመሪያ የተቋቋመው ለንግድ ጉዳይ ነበር። በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የአገሪቱ ምክር ቤት 10 ትንንሽ መርከቦች እንዲሠሩ ፈቀደ። የመርከቦቹም ሥራ ኮንትሮባንድን መከላከልና የጉምሩክ ቀረጥ በትክክል እንዲከፈል ማድረግ ነበር። ይኸው አገልግሎት በ1915 ከነፍስ አድን ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የዛሬ ስሙን ያዘ፤ እስከ 1967 ድረስም በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ቆየ። ስለዚህ ቀረጥን የሚቈጣጠረውና ነፍስን የሚያድነው እጅ ለብዙ ዘመን አንድ ነበር ማለት ነው።

ሄሊኮፕተር ለዚህ ሥራ የሚጠቅም መሆኑ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1944 «ተርነር» የተባለችው የጦር መርከብ በኒው ዮርክ ወደብ አጠገብ ፈንድታ ብዙ ሰዎች ቈሰሉ። በዚያን ዕለት በረዶና ነፋስ ስለ ነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው መኰንን ፍራንክ ኤሪክሰን ለቍስለኞቹ የሚያስፈልገውን የደም ፕላዝማ በትንሽ ሄሊኮፕተር አድርጎ ሳንዲ ሁክ ወደ ተባለው ስፍራ አደረሰ። ሄሊኮፕተር ለሰው ሕይወት ማዳኛ ከዋለባቸው ጊዜያት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

አሮጌውንና አዲሱን ያዋሐደ አሠራር

ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሄሊኮፕተሮች ሁለት ጕድለት ነበረባቸው። አንደኛ፣ በፒስተን ሞተር የሚሠሩ ስለ ነበሩ የሞተሩ ክብደት ከጕልበቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሊያነሡ የሚችሉት ሰው ጥቂት ነበር። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በባሕር ላይ ቢቆም አዳኞቹ ራሳቸው አዳኝ የሚፈልጉ ይሆኑ ነበር።

የሲኮርስኪ ፋብሪካ በ1958 በመጀመሪያ ያበረረው ኤስ 62 የተባለው ሄሊኮፕተር ለሁለቱም ጕድለቶች መፍትሔ አቀረበ። ፋብሪካው ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ አልፈለሰፈም። የሚሽከረከሩትን ክንፎችና ኃይል የሚያስተላልፈውን የማርሽ ሳጥን በሥራ ከተፈተነው ከኤስ 55 ወሰደ። በፒስተኑ ሞተር ፈንታ ቀላል የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተርባይን ሞተር አገባ፤ የሆዱንም ቅርጽ እንደ ጀልባ አድርጎ ውሃ እንዳያስገባ ሠራው። በግራና በቀኝ ያሉት ተንሳፋፊዎች በውሃ ላይ ሚዛኑን ይጠብቁለታል፤ መንኰራኵሮቹም ወደ እነርሱ ይታጠፋሉ። እንዲህ ያለው ሄሊኮፕተር በምድርም፣ በመርከብ ወለልም፣ በባሕርም ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የሞተሩ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተርባይኑ 1,250 የፈረስ ጕልበት ሊሰጥ ሲችል፣ አሮጌው የማርሽ ሳጥን ያን ያህል ስለማይችል ወደ 730 ያህል እንዲወሰን ተደረገ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ከአቅሙ በታች ስለሚሠራ ብዙ አይደክምም፤ አየሩ ሞቃት በሆነና ሌላው ሞተር በሚዳከምበት ጊዜም የሚፈለግበትን ጕልበት ለመስጠት መጠባበቂያ አለው። በሚዛኑ ልክ የማይጭን ነጋዴ በቅሎው ዕድሜዋ እንደሚረዝምለት ያለ ነው።

ሰው ከውሃ የሚወጣበት ዘዴ

የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ከእነዚህ ሄሊኮፕተሮች 99 ገዛ፤ የመጀመሪያውንም በጃንዋሪ 1963 ተረከበ። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት አብራሪዎችና አንድ መካኒክ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ሲሆን አብራሪው በአደጋ ላይ ባለው ሰው አጠገብ በውሃው ላይ ያርፋል፤ መካኒኩም ከበሩ ሥር የሚዘረጋውን መድረክ አውጥቶ ሰውየውን በእጁ ይስበዋል። ማዕበል ሲሆን ግን ሄሊኮፕተሩ ከላይ ቆሞ በሞተር በሚጠቀለል ገመድ ቅርጫት ያወርዳል። በዚያን ጊዜ አብራሪው ከሥሩ ያለውን ሰው ለማየት ስለማይችል፣ መካኒኩ «ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ቁም» እያለ በቃል ይመራዋል። የአንድ ሰው ሕይወት በእነዚህ ጥቂት ቃላት ላይ ይንጠለጠላል።

ኤች ኤች 52 ኤ በጠረፍ ጣቢያዎች ብቻ አልተወሰነም፤ በረዶ በሚሰብሩ መርከቦች ላይ ተጭኖ እስከ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ አካባቢ ድረስ አገልግሏል። ከውሃና ከጎርፍ ያወጣቸው ሰዎች ቍጥር ከ15,000 በላይ መሆኑ ይነገርለታል።

አገልግሎቱ ግን ያለ መሥዋዕትነት አልተገኘም። በዲሴምበር 1964 በሰሜን ካሊፎርኒያ ታላቅ ጎርፍ በሆነ ጊዜ፣ ቍጥሩ 1363 የሆነው ሄሊኮፕተር ሰዎችን ከጎርፉ አውጥቶ ሲመለስ በጨለማና በዐውሎ ነፋስ መካከል ከተራራ ጋር ተጋጨ። ሦስቱ ሠራተኞችና ያዳኗቸው ሰዎች፣ በድምሩ 7 ነፍስ፣ በአንድነት ጠፉ።

የጋልቬስተን እሳት

የዚህ ሄሊኮፕተር ሥራ ከንግድ መርከቦች ጋር ይበልጥ የተገናኘው ኖቬምበር 1 ቀን 1979 ነው። በቴክሳስ ጠረፍ በጋልቬስተን ወደብ መግቢያ አጠገብ፣ «ቡርማ አጌት» የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብና «ሚሞዛ» የተባለችው የጭነት መርከብ ተጋጩ። ነዳጅ ጫኟ ወዲያው ፈንድታ በእሳት ተያያዘች። ቍጥሩ 1426 የሆነው ኤች ኤች 52 ኤ ከሌሎች አዳኞች ጋር ደርሶ ከጢሱና ከነበልባሉ አጠገብ ሰዎችን በገመድ አነሣ። የሚሞዛ 26 መርከበኞች ሁሉ ተረፉ። ከቡርማ አጌት 37 መርከበኞች ግን 31ዱ ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። እሳቱ የጠፋው በጃንዋሪ 1980 ነው። ይህም ሄሊኮፕተር የቱን ያህል ቢፈጥን ሁሉን ሊያድን እንደማይችል ያሳያል፤ ነገር ግን ባይኖር ኖሮ የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ ይበዛ ነበር።

መሣሪያ ብቻውን አይበቃም

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1983፣ «ማሪን ኤሌክትሪክ» የተባለች ያረጀች የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ በቨርጂኒያ ጠረፍ በማዕበል ሰጠመች። በዚያ ጊዜ የደረሰው ሄሊኮፕተር ኤች ኤች 52 ሳይሆን ባለ ሁለት ሞተሩ ታላቅ ወንድሙ ኤች ኤች 3 ኤፍ ነበር። ቅርጫቱ ወረደ፤ ሰዎቹ ግን በብርዱ እጃቸው ደንዝዞ ስለ ነበር ሊገቡበት አልቻሉም። ከ34ቱ የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። በምርመራውም መርከቢቱ የጭነት ክፍሏ መዝጊያዎች ሳይቀሩ የተበላሹባት እንደ ነበረች ታወቀ።

ከዚህ አደጋ ሁለት ትምህርት ተገኘ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ራሱ ወደ ባሕር ዘሎ የሚገባ ዋናተኛ አዳኝ በ1985 በሥራ ላይ ማዋል ጀመረ። በመርከቦችም ላይ የሚደረገው ቍጥጥር ጠንክሮ ብዙ አሮጌ መርከቦች ከሥራ ወጡ። በርካሽ ኪራይ የተገኘ አሮጌ መርከብ ዋጋው ውሎ አድሮ በሰው ነፍስ ሊከፈል እንደሚችል ነጋዴዎች ሁሉ ሊያስቡት የሚገባ ነገር ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በባሕር ሕግ የሰው ነፍስና የዕቃ ማዳን ለየብቻ ይታያሉ። በ1989 በለንደን የተፈረመው የባሕር ማዳን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ነፍሱ የዳነች ሰው ለአዳኙ ዋጋ እንዲከፍል አያስገድድም። መርከብና ጭነት ሲድኑ ግን አዳኙ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ከአደጋው በተረፈው ንብረት ግምት መጠን በመርከቡና በጭነቱ ባለቤቶች ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ ዕቃው በደኅና የተረፈለት አስመጪ እንኳ ዋስትና እስኪያቀርብ ድረስ ሸቀጡ ሊያዝበት ይችላል። የተለመዱት የጭነት ኢንሹራንስ ውሎች ይህን ወጪ የሚሸፍኑ ስለ ሆነ፣ ውሉን ከመፈረም አስቀድሞ ይህን አንቀጽ መርምሮ ማየት ይጠቅማል።

የአገልግሎቱ ፍጻሜ

ኤች ኤች 52 ኤ እያረጀ በመሄዱ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ175 ኪሎ ሜትር ብዙ የማያልፍና ሞተሩ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፈረንሳዮች ባወጡት ባለ ሁለት ሞተር ኤች ኤች 65 ይተካ ጀመር። በ1989ም የመጨረሻው ከሥራ ተሰናበተ። የጋልቬስተኑ 1426 ታድሶ ከ2016 ጀምሮ በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው የስሚትሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርንጫፍ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል።

ከተፈተነ ዕቃ ላይ የሚጠቅመውን አዲስ ነገር ጨምሮ መሥራት፣ ከአቅም በላይ አለመጫንና ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ማኖር ይህን ሄሊኮፕተር ለ26 ዓመት አስመስግነውታል። እነዚህም የደኅና ንግድ ሥርዓቶች ናቸው። በመጋዘን ተደርድሮ የሚታየው ሸቀጥ ሁሉ በማዕበል ላይ አልፎ የመጣ መሆኑን የሚያስብ ነጋዴ፣ ዕቃውን የሚጭንበትን መርከብ ሲመርጥ ከኪራዩ ርካሽነት አስቀድሞ የመርከቢቱን ደኅንነት ይጠይቃል።