የመርከብ ስም እንደ አባት ስም

አያት ቅድመ አያቱን ፍለጋ “ሜሪ” የሚል ስም ብቻ ይዞ መዝገብ ቤት የሚመጣ ሰው ብዙም አይራመድም። እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ከብሪታንያና ከአየርላንድ ወደ አውስትራሊያ በመርከብ የተጋዙት ጥፋተኞች ወደ 162,000 ይጠጋሉ፤ ከመካከላቸው ሜሪዎቹ ለጉድ ናቸው። እኛ ዘንድ ስም ሲምታታ “የማን ልጅ?” ይባላል። የግዞተኛን ዱካ የሚከተል ባለሙያ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው “በየትኛው መርከብ መጣች?” ብሎ ነው። ጸሐፊዎቹ ግዞተኛን ከነመርከቡ ይመዘግቡ ስለነበር፣ ሰውዬው ቅጣቱን ጨርሶ፣ አግብቶና ወልዶ እንኳ ያ የመርከብ ስም እንደ አባት ስም ይከተለዋል።

ለጀማሪ ባለሙያ ከሜሪ ሬይቢ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። በ1777 ላንክሻየር ውስጥ ቤሪ በምትባል ከተማ ተወልዳ ክርስትና ስትነሳ ሞሊ ሃይዶክ ተባለች። በ1791 ፈረስ ሰርቃለች ተብላ ስትያዝ የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር፤ ስሟንም ጄምስ በሮው ብላ ሰጥታለች። ሴት መሆኗ የታወቀው ጉዳይዋ ስታፎርድ ላይ በችሎት ሲታይ ነው። የ7 ዓመት ግዞት የተፈረደባት ሜሪ ሃይዶክ ተብላ ሲሆን ዕድሜዋ ገና 14 ነበር። በ1794 ቶማስ ሬይቢ የተባለ ወጣት አየርላንዳዊ አገባችና በባሏ ስም ተጠራች።

በ17 ዓመቷ አራተኛ ስሟ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ የባሏም ስም አጻጻፉ አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያስረው “ሮያል አድሚራል” ነው፤ ኦክቶበር 1792 ሲድኒ የደረሰው መርከብ። የዚያን ዘመን የግዞተኞች ዝርዝር ስስታም ነው፦ ስም፣ የተፈረደበት ቦታና ቀን፣ የቅጣቱ ዘመን። ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳት ሳይቀር መጻፍ የተጀመረው ኋላ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ልጅቷ ራሷ ጽፋለች። ከመርከቡ ሳትወርድ ለአክስቷ በላከችው ደብዳቤ፣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቀዳዳ ፈልጋ እንደምትመለስ ተስፋ ታደርጋለች። ላንክሻየርን ዳግም ያየችው ከ28 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከሉ ያለው ዘመን ከዝርዝሩ ውጪ ሌላ ብዙ ወረቀት አለው። መጀመሪያ በሻለቃ ፍራንሲስ ግሮስ ቤት ሞግዚት ሆነች። ባሏ በ1811 ሲሞት ሰባት ልጆችና መርከብ ያለው ንግድ ትቶላት ነበር፤ እሷም አሰፋችው። በ1817 የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ ሥራውን የጀመረው ማኳሪ ፕሌስ ላይ ከእሷ በተከራየው ቤት ነው። ከ1994 ጀምሮ መነጽር ያደረገችው አሮጊት በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ኖት ላይ ትታያለች።

ባለሙያውን ፈገግ የሚያሰኘው ግን የ1828ቱ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጣሪው እያንዳንዱን ሰው በምን ሁኔታ፣ መቼና በየትኛው መርከብ እንደመጣ ይጠይቃል፤ መልሱንም በሁለት ፊደል ያሳጥረዋል። ቅጣቱን የጨረሰ አንድ ምልክት አለው፣ ምሕረት ያገኘ ሌላ፣ እዚያው የተወለደ ሌላ፣ በነፃነት የመጣም የራሱ። ገዥው ማኳሪ ቅጣታቸውን የጨረሱትን ማዕዱ ላይ ማስቀመጡ ያስቆጣቸው ሰዎች ባሉበት ከተማ ይህች ሁለት ፊደል ቀላል አልነበረችም። ሜሪ ሬይቢ ምን አለች? በነፃነት መጣሁ፤ በ1821፤ በማሪነር።

ውሸት ነው እንዳይባል እውነት ነው። በ1820 ሴት ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ አገር ሄዳ፣ ዘመድ አዝማድ ጠይቃ፣ በተባለው ዓመት በተባለው መርከብ ተመልሳለች። ያልነገረችው የመጀመሪያውን መምጣቷን ብቻ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ስንት ጊዜ መጣሽ ብሎ አይጠይቅም።

ቆጠራውን ብቻ የያዘ ሰው ማሪነር በ1821 ሲድኒ መግባቱን ያረጋግጥና ረክቶ ዶሴውን ይዘጋል። ወደ ሮያል አድሚራል ወርዶ የሚፈልገው፣ በ1821 መጣሁ ያለች ሴት በ1817 ባንክ የሚከራየው ቤት ከየት አገኘች ብሎ የተጠራጠረ ነው።