በጠብታ የሚሠራ የኬሚስትሪ ሙከራና የላቦራቶሪ ዕቃ ንግድ

የኬሚስትሪ ትምህርት በመጽሐፍ ንባብ ብቻ ተሟልቶ የሚገኝ አይደለም። ተማሪው ሁለት ፈሳሾች ሲገናኙ የሚደርሰውን ለውጥ በዓይኑ ካላየና በእጁ ካልሞከረው፥ የተማረው ነገር ከቃል ጥናት አያልፍም። ነገር ግን የመሣሪያውና የኬሚካሉ ዋጋ ከፍተኛ በመሆኑ፥ በብዙ ትምህርት ቤቶች መምህሩ ብቻ ከፊት ቆሞ ሲሠራ ተማሪዎቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ መሣሪያው ፈጽሞ የሌለበትም ቦታ አለ። ይህን ችግር ለማቃለል ሙከራን በጠብታና በሚሊግራም መጠን የመሥራት ዘዴ በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። ጉዳዩ የመምህራን ብቻ መስሎ ቢታይም፥ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጣውንና የሚቸረችረውን ነጋዴ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የዘዴው አመጣጥ

በጥቂት መጠን መሥራት ለሳይንስ አዲስ ነገር አይደለም። የኦስትሪያው ሊቅ ፍሪትዝ ፕሬግል የሐሞት አሲዶችን ሲመረምር በእጁ የነበረው ናሙና እጅግ ትንሽ ስለ ሆነበት፥ በጥቂት ሚሊግራም ብቻ የሚፈጸም የምርመራ ዘዴ አዘጋጅቶ በ1923 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

ወደ ተማሪዎች ላቦራቶሪ በሰፊው የገባው ግን በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። በአሜሪካ፥ በሜይን ክፍለ ግዛት በሚገኘው በቦውዶይን ኮሌጅ የላቦራቶሪው አየር በኬሚካል ተን መበከሉ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። የአየር ማስወጫ ማሠራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፥ ዴና ሜዮና ሳሙኤል ቡቸር ከሜሪማክ ኮሌጁ ከሮናልድ ፓይክ ጋር ሆነው የችግሩን ምንጭ፥ ማለትም የኬሚካሉን መጠን ራሱን ቀነሱት። ቀድሞ በብዙ ግራም ይሠራ የነበረው ሙከራ ከ150 ሚሊግራም በማይበልጥ መጠን ተሠራ፤ የማስተማሪያ መጽሐፋቸውም በ1986 ታተመ። በደቡብ አፍሪካም የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ላቦራቶሪ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የሚሆን አነስተኛ የፕላስቲክ መሣሪያ አዘጋጅቶ፥ በዩኔስኮ ድጋፍ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገው ሙከራም በ2014 በአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት ላይ ተገልጿል።

ሂሳቡ

ነጋዴ ነገሩን በቁጥር ሲያየው ይበልጥ ይገባዋል። በውድነቱ የታወቀውን ሲልቨር ናይትሬትን እንውሰድ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 17 ግራም ያህል ተሟሙቶ፥ የጨው ውሃ ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ የሚሰጠው ሙከራ በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። 50 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በመስተዋት ቱቦ 5 ሚሊሊትር ቢጠቀሙ 4.25 ግራም ሲልቨር ናይትሬት ያልቃል። ስለዚህ 25 ግራም የያዘው ጠርሙስ ለስድስት ክፍል እንኳ ሙሉ በሙሉ አይበቃም። ሙከራው በሁለት በሁለት ጠብታ ሲሠራ ግን፥ 20 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለ50ው ተማሪ የሚበቃው 0.085 ግራም ብቻ ነው፤ ያው ጠርሙስም ከ290 ለሚበልጡ ክፍሎች ይዳረሳል። የሚደፋው ቆሻሻም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፥ በአንድ መምህር ጫንቃ ላይ የነበረው ሥራ ለሃምሳ ተማሪ ይከፋፈላል።

ከዚህ ሂሳብ የተነሣ፥ የኬሚካል ሽያጭ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ አስመጪ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚላከው ጭነት ያንሳል። ይሁን እንጂ ቀድሞ በዋጋው ውድነት ፈጽሞ የማይገዛው ትምህርት ቤት አሁን ገዢ ይሆናል። የፕላስቲኩ ማንጠብጠቢያና ባለጉድጓዱ ሳሕን እያረጁ ስለሚለወጡም ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ዕቃው ቀላልና የማይሰበር በመሆኑ በጉዞ ላይ የሚደርሰው ኪሳራ ከመስተዋት ዕቃ ያነሰ ነው፤ ለተመሳሳይ የውጭ ምንዛሪም ብዙ ትምህርት ቤቶች ይዳረሳሉ።

አስመጪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ መስተዋት የጠራው የፖሊስታይሪን ሳሕን ለውሃ ሙከራ መልካም ሲሆን፥ አሴቶን ወይም ቶሉዊን ሲነካው ይሟሟል። ለእንዲህ ያለው ፈሳሽ ፖሊፕሮፒሊን ይሻላል። ዓይነቱን ሳይለይ የሚያዝ ነጋዴ ዕቃው ተበላሽቶ ሲመለስለት በደንበኛው ፊት ያፍራል።

ሚዛንም እንዲሁ ነው። የ0.1 ግራም ስሕተት በ10 ግራም ላይ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ሲሆን፥ በ100 ሚሊግራም ላይ ግን ከሚመዘነው ነገር ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች አሉ። የአሲዱ ጠብታ ማነሱም አደጋውን ፈጽሞ አያስቀርም፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ከትእዛዙ ዝርዝር መውጣት የለበትም። ተማሪው በኋላ በፋብሪካ የሚያገኛቸውን ትልልቅ መሣሪያዎችም ማወቅ ስለሚገባው፥ አዲሱ ዘዴ የቀድሞውን የሚያግዝ እንጂ ፈጽሞ የሚተካ አይደለም።

ባለሱቁም ከዚህ ድርሻ አለው። በየሱቁ የሚሸጠው ከርከዴ በውሃ ሲዘፈዘፍ አሲድንና ቤዝን ይለያል፤ በሎሚ ጭማቂ ይቀላል፥ በአመድ ውሃ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

እንግዲህ አስመጪው ከውጭ አገር በመጣ የዋጋ ዝርዝር ላይ ብቻ ተመርቶ ከማዘዙ በፊት፥ መምህራን በዓመቱ ውስጥ የሚሠሩትን ሙከራ፥ የተማሪውን ቁጥርና የፈሳሹን ዓይነት ጠይቆ ቢመዘግብ ይጠቀማል። በዚህ መሠረት የታዘዘ ዕቃ በመጋዘን አይከርምም፤ በተማሪውም እጅ ይገባል።