የእንጦጦ አህያ የልብ ምት ስንት ነው?

ከአዲስ አበባው የመሪ ሰፈር ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ራሷም በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በተራራው አናት ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። እንጨት ወይም እህል ተጭኖ ዳገቱን የሚወጣ አህያ እንግዲህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለ አህያ በሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ይወጣል። ልቡ ምን ያህል ይፈጥናል? ሳንባውና ደሙ ጉድለቱን በምን ያካክሱታል? ይህን የሚጠይቀው ትምህርት ፊዚዮሎጂ ነው። አናቶሚ ልብ የት እንዳለና ስንት ክፍል እንዳለው ያሳያል፤ ፊዚዮሎጂ ደግሞ ያ ልብ ጭነት ሲበዛበት፣ ሲጠማ፣ ሲፈራና ሲታመም ምን እንደሚያደርግ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሆነ በጎንደር፣ ተማሪው የበሽታ ትምህርት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የጤነኛውን አካል አሠራር እንዲያውቅ የሚጠበቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጤናን ያላወቀ ሕመምን መለየት አይችልም።

ችግሩ ያለው «ጤነኛ» የምንለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የሚነበቡት የፊዚዮሎጂ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። በውስጣቸው ያሉት ልኬቶችም በዚያው ካሉ እንስሳት የተወሰዱ ናቸው። ከዚህም በላይ ስለ ፈረስ በሰፊው ሲጽፉ አህያን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 40 ጊዜ ይመታል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በብሪታንያ ላሉ አህዮች የሚሰጠው ልክ ግን የልብ ምቱ ከ36 እስከ 52፣ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.8 ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የፈረሱን ቁጥር በቃሉ የያዘ ወጣት ሐኪም ልቡ 46 ጊዜ የሚመታ ጤነኛ አህያ ሲቀርብለት ታሟል ብሎ ሊያክመው ይችላል። ሙቀቱ 38.3 የደረሰውን አህያ ደግሞ ደህና ነው ብሎ ከነትኩሳቱ ወደ ጭነቱ ሊመልሰው ይችላል። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነች አገር ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በዚያ እንስሳ ጀርባ ላይ ነውና። የብሪታንያውም ቁጥር ቢሆን የተለካው ዝቅ ባለ ምድር ላይ ነው። በ2,400 ሜትር ለሚኖር አህያ ምን ያህሉ እንደሚሠራ የሚታወቀው እዚሁ ሲለካ ብቻ ነው።

«የአካል ሕግ በሁሉም ቦታ አንድ ነው፤ ልብ በለንደንም በአዲስ አበባም ደም ይረጫል» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ሕጉ አንድ ነው። መልሱ ግን እንደ ቦታውና እንደ ዘሩ ይለያያል፤ ለዚህም ከሁሉ የሚደንቀው ማስረጃ የተገኘው ከኛው ተራሮች ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ሄሞግሎቢኑም ሆነ ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ፣ የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። ያኔ ከመጻሕፍቱ ተነሥቶ የሚተነብይ ሰው ሰሜንን በአንዲስ ልክ ይገምት ነበር፤ ይሳሳትም ነበር። ከብቶችንም እንይ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ደጋ ላይ አንዳንድ ላሞች የሳንባቸው ደም ግፊት እያሻቀበ ልባቸው ይደክማል፤ ደረታቸው በውሃ አብጦ ይሞታሉ። በኛ ደጋ ደግሞ ገበሬው ከዚያ በማይተናነስ ከፍታ ላይ ለዘመናት በሬ ጠምዷል። ይህ ልዩነት ለአንድ የኢትዮጵያ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ ቤተ ሙከራ የለንም፣ መሣሪያው ውድ ነው ይባላል። የደም ጋዝ መለኪያ በእርግጥ ውድ ነው። የልብ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት ግን በሰዓት፣ በማዳመጫና በቴርሞሜትር ይለካሉ። ከመንጋጋ ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ዳስሶ፣ የጎኑን መነሣትና መውደቅ ተመልክቶ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ማንኛውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚችለው ነው። ቆጠራው ራሱ ያስተምራል። አህያው ገና ከዳገት እንደወረደ፣ ጭነቱ ከተራገፈ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ለምን እንደተለያየ መመለስ ያለበት ተማሪ፣ አንድ ምዕራፍ በቃሉ ከሸመደደው ይልቅ ልብ ከነርቭና ከሆርሞን ጋር ያለውን ግንኙነት ይረዳል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ክኑት ሽሚት ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግመል ጥማትን እንዴት እንደሚችል ያወቀው መሣሪያውን ወደ አልጄሪያ በረሃ ይዞ በመሄድ ነው። ግመሉ ሲጠማ የሰውነቱን ሙቀት ከ34 ዲግሪ ተነሥቶ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ በመፍቀድ ላብን እንደሚቆጥብ የታየው እንስሳው በሚኖርበት ሙቀት ውስጥ ነበር። የኛ ተማሪ እስከ በረሃ መሄድ አያስፈልገውም፤ አህያው በበሩ ያልፋል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ እንስሳውን ለትምህርት ሲባል ማስጨነቅ ተገቢ ነው ወይ? ደክሞ የመጣን አህያ ለልኬት ብሎ ዳገት መልሶ ማስወጣት አይገባም፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድና ከሥራው ላለማስተጓጎል ሳይጠነቀቁ መንካትም ነውር ነው። ነገር ግን እዚህ የቀረበው ሐሳብ እንስሳውን የሚጎዳ ነገር የለበትም። እንቁራሪት ገድሎ የልቧን ምት ከማሳየት በሕይወት ያለን እንስሳ ቆሞ መቁጠር የበለጠ ርኅራኄም የበለጠ ዕውቀትም አለው። ልኬቱ በጀርባው ላይ ያለ ቁስልን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጭነትንም ያጋልጣል፤ ባለቤቱም በዚያው ምክር ያገኛል።

ስለዚህ ለእንስሳት ሕክምና ኮሌጆቻችንና ለባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው የፊዚዮሎጂ ተግባራዊ ትምህርት በየአካባቢው ያሉ አህዮችን፣ ፈረሶችንና ከብቶችን መለካት ይሁን፤ ከፍታው፣ ዕድሜው፣ ጭነቱና ሰዓቱ አብሮ ይመዝገብ፤ ውጤቱም ተማሪው ሲመረቅ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር በየዓመቱ ተደምሮ ይታተም። ጉርድ ሾላ ያለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ለመሪ ቅርብ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ምክሩን ቢጠይቁት ይጠቅማል። ሥራው በመጪው የትምህርት ዘመን ሊጀመር ይችላል።